የእጅ ፍሬን የልጅ እጅ አይደለም

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ከፊታችሁ የቀረብነው ስለ አንድ አሮጌ መኪና የእጅ ፍሬን ልንነግራችሁ ነው። በዚህ መድረክ ላይ ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ መሬትና ስለ ትምህርት ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። እኛ ግን የመካኒክ ትምህርት ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን ከመኪና ሥር ተኝተን ያገኘነውን ይዘን መምጣትን መረጥን። ነገሩ ጥቂት ቢመስልም የሰው ነፍስ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ሮብ ገበያና ወደ ጮቄ የወጣ፣ ወይም ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም። አሮጌ የጭነት መኪና ዳገት ላይ ሊቆም ሲል፣ ጎማው መዞሩን ገና ሳይተው፣ ረዳቱ ከካሶኒው ዘሎ ይወርዳል። ድንጋይ ወይም የእንጨት ታኮ ብድግ ያደርግና ከኋላ ጎማ ሥር ይወሽቃል። ሾፌሩ «ያዘ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ረዳቱ «ያዘ!» ካለ በኋላ ነው እግሩን ከፍሬኑ ላይ የሚያነሣው። ይህ ረዳት ብዙ ጊዜ ጢሙን ገና ያላበቀለ ልጅ ነው። ድንጋዩ ቢፈረከስ፣ ጭቃው ቢያንሸራትተው፣ ወይም ሾፌሩ ቸኩሎ እግሩን ቢያነሣ፣ ከጎማው ኋላ ያለው እርሱ ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለው መኪና ላይ የእጅ ፍሬን የሚባለው ሌላ ሳይሆን የልጅ እጅ ነው ማለት ነው። እኛ የምንለው ይህ ነገር መቅረት አለበት፤ ሊቀርም ይችላል ነው።

የአገሩን አቀማመጥ ታውቁታላችሁ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ጮቄ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከደጀን እስከ ዓባይ ወንዝ ያለው መንገድ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቷል፤ ነገር ግን ድልድዩ አዲስ ሆነ እንጂ ቁልቁለቱ የጥንቱ ነው። በዚህ ላይ የክረምቱን ዝናብና የመረሬውን ጭቃ ጨምሩበት። በዚህ አገር ለሚሠራ መኪና የእጅ ፍሬን ይኑረው ማለት እንደ ቅንጦት ሊቈጠር አይገባም።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። የዚያ ዘር የመጨረሻው መኪና በእንግሊዝ አገር ከሶሊሀል ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2016 ነው። በእነዚህ 68 ዓመታት ውስጥ መልኩም ሞተሩም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ የእጅ ፍሬኑ የሚይዝበት ስፍራ ግን አልተለወጠም። ይኸውም እንደ ብዙዎቹ የቤት አውቶሞቢሎች በኋላ ጎማዎች ላይ ሳይሆን በመኪናው ሆድ ሥር ነው።

ነገሩን በቀላሉ እናስረዳ። በእንዲህ ያለው መኪና ከካምቢዮው ቀጥሎ፣ የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ እግሮች የሚያካፍል አንድ ሳጥን አለ። ከዚህ አካፋይ ሳጥን በስተኋላ አንድ ታምቡር ተገጥሟል፤ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም ዘንግ የሚታሰረው ከዚህ ታምቡር ጋር ነው። በታምቡሩ ውስጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ብረቶች አሉ። ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ያለውን ማንሻ ሲስብ፣ ማንሻው ዘንግን፣ ዘንጉ ማዞሪያ ክንድን፣ ክንዱም መክፈቻውን ይገፋል፤ ሁለቱ ብረቶች ተለያይተው ታምቡሩን ከውስጥ ይነክሳሉ። ታምቡሩ ሲያዝ ረጅሙ ዘንግ ይያዛል፤ ዘንጉ ሲያዝ የኋላ ጎማዎች ይያዛሉ።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት እጃችን የገባው መኪና ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተሠራው ከሁለተኛው ሞዴል የሆነ ባለ ካሶኒ ላንድሮቨር ነው። ባለቤቱ ከደጋ ድንችና ገብስ የሚያወርዱ አንድ አዛውንት ናቸው። «ጋሼ፣ የእጅ ፍሬንዋን እንሥራልዎ» ስንላቸው ሣቁ። «ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት በድንጋይ ስትቆም ኖራለች፤ አሁን ምን መጣባት?» አሉን። «ድንጋዩን የሚያገባው ማን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። የገዛ የልጅ ልጃቸው ነበር። ጥቂት ዝም አሉና ቁልፉን ሰጡን።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት መኪናውን ደልዳላ ስፍራ ላይ አቆምን፤ ከፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ የእንጨት ታኮ አደረግን። ከዚያ በኋላ የጐደለውን መቍጠር ያዝን። ማንሻው አለ፤ ነገር ግን ጥርሱን የሚይዘው ምላስ ስለ ጠፋ በካላማዳሪ ቁራጭ ከወንበሩ ብረት ጋር ታስሯል። ከማንሻው ወደ ታች የሚወርደው ዘንግ የለም፤ በስፍራው የአጥር ሽቦ ተጠምዝዞ ገብቷል። ሁለት ፒኖችና ኮፒሊያዎቻቸው ጠፍተዋል፤ በአንዱ ምትክ ምስማር ተቈልምሟል። ታምቡሩን ስንከፍት ደግሞ ከመላሽ ሞላዎች አንዱ ተሰብሯል፤ ሸራው በዘይት ረጥቧል።

ሽቦ፣ ምስማርና ካላማዳሪ ያን ጊዜ ለአንድ ቀን መፍትሔ ተብለው የገቡ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ግን እዚያው አረጁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው። የአጥር ሽቦ ሲሳብ ይለጠጣል፤ ሾፌሩ ማንሻውን እስከ መጨረሻው ቢስብም እንኳ ታምቡሩ ዘንድ የሚደርሰው ኃይል ጥቂት ነው። የባሰው ነገር ግን ሽቦው ምንም ሳይይዝ የያዘ መምሰሉ ነው። ፍሬን የሌለው መኪና ሾፌር ይጠነቀቃል፤ ፍሬን ያለው የሚመስለው ግን ተማምኖ ይወርዳል።

ከዚህ ቀጥሎ በጠፋው ምትክ ምኑን እንግዛ፣ ምኑን እናሠራ የሚለው ጥያቄ መጣ። እኛ የደረስንበት ፍርድ ይህ ነው።

ሸራው፣ መላሽ ሞላዎቹና የዘይት መከላከያው ጎማ መገዛት አለባቸው። እነዚህ በፋብሪካ በልክና በፈተና የሚሠሩ ናቸው። ለሞላ የሚሆን ሽቦ ጠምዝዞ ሞላ አስመስሎ ማቆም ይቻላል፤ ነገር ግን ሲግልና ሲበርድ ኃይሉን ይለቃል። ሸራም ሁለቱ በአንድ ላይ ይለወጣሉ እንጂ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሆኖ አይገጠምም። ዘይት የጠጣ ሸራ በላምባ ታጥቦ ቢደርቅም አይታመንም፤ ሲግል ዘይቱ ተመልሶ ይወጣልና። ደግሞም ዘይቱ የሚመጣበትን ሳይዘጉ አዲስ ሸራ ማግባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የአካፋዩ ሳጥን የዘይት መከላከያ ጎማ ይለወጣል።

ዕቃው በደብረ ማርቆስ ካልተገኘ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ መሄድ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የአሮጌውን ዕቃ ናሙና ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ ይያዝ። የሞዴሉን ስም ብቻ ተናግሮ የሚገዛ ሰው የሌላ ሞዴል ዕቃ ይዞ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የመመለሻውም መሳፈሪያ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሌላም ነገር አለ። እነዚህ የድሮ እንግሊዝ መኪናዎች ቡሎንና ዳዶ የሚለካው በኢንች ነው። ራሱ ግማሽ ኢንች የሆነ ቡሎን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 13 ቁጥር ቁልፍ ሲገባበት የሚስማማ ይመስላል፤ ግን ይላላና ማዕዘኑን ይበላዋል። የሚሊ ሜትር ዳዶ በኢንች ቡሎን ላይ በግድ ማጥበቅ ደግሞ የሁለቱንም ጥርስ ማጥፋት ነው።

ዘንጉ፣ ፒኖቹና የማንሻው ምላስ ግን እዚያው ሊሠሩ ይችላሉ። ዘንጉን ከጤናማ ብረት ቶርኖ ቤት አሠርተን፣ ጫፉ ላይ ጥርስ አስወጥተን፣ ርዝመቱ የሚስተካከል እንዲሆን አደረግን። ለምላሱ ግን የሄድነው ወደ አንድ ቀጥቃጭ ነው። ለምን ቢባል፣ ምላሱ ጥርሱን ሲነክስ የማይጎብጥ፣ ሲመታም የማይሰበር ብረት ይፈልጋል። ቀጥቃጩ አሮጌ የባልስትራ ቁራጭ አንሥቶ አጋለው፤ ቅርጹን በመዶሻ አወጣና በሞረድ አስተካከለው፤ ውሃ አጠጣው፤ ከዚያም ከእሳቱ ዳር አቆይቶ ቀለሙን እያየ ድርቀቱን አበረደለት። እኛ በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ የተማርነውን የብረት ማጠንከሪያ ትምህርት፣ እርሱ ማረሻና ማጭድ ሲሠራ የኖረበት ነው። እኛ የጐደለውን ልክ በካሊፐር ወስደን በወረቀት ሥለን ሰጠነው፤ እርሱም የእኛን ወረቀት ወደ ብረት መለሰው። አንዱ ያለ ሌላው ባልሆነም ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራውና ሸክላ የምትሠራው ሲናቁ፣ «ቡዳ» ሲባሉ ኖረዋል። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ በገቡበት በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ መኪናውን ተቀበልነው፤ መኪናውን የሚሠራውን እጅ ማክበር ግን ወደ ኋላ ቀረ። ከጠፋው ምላስ ይልቅ የከበደን ይህ ነው። ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ «እባክዎ ይህን ይሥሩልን» ለማለት የሚያፍር የተማረ ሰው፣ ድንጋይ የሚሸከመውን ልጅ ከአደጋ ሊያድነው አይችልም።

ወደ ሥራው እንመለስ። ታምቡሩን የሚከፍት ሰው ሊያውቀው የሚገባ ትልቅ ነገር አለ። በድሮ መኪናዎች ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ነገር ይገኛል፤ አቧራው ወደ ሳንባ ሲገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ በታምቡሩ ውስጥ ያለው አቧራ በአፍም ሆነ በአየር መንፊያ አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ጨርቁም በላስቲክ ታስሮ ይጣላል። ይህን በየጋራዡ ላሉ ልጆች ንገሩልን።

ረጅሙን ዘንግ ከመፍታታችን በፊት የሁለቱን ብረቶች አቀማመጥ በጭረት ምልክት አደረግን፤ በነበረበት እንዲመለስ ነው። የዘይት መከላከያውን ጎማ ለወጥን፤ አዲሶቹን ሸራዎችና ሞላዎች አገባን፤ ታምቡሩንና ዘንጉን መልሰን አጠበቅን። በየፒኑ ኮፒሊያ አደረግን፤ በየመጋጠሚያውም ግራሶ ቀባን፤ ጭቃ የሚበላው እርሱን ነውና። ግራሶው ወደ ሸራው እንዳይደርስ ግን መጠንቀቅ ያሻል።

ማስተካከሉ እንዲህ ነው። ማንሻው ወደ ታች እንደ ወረደ፣ ከታምቡሩ ጀርባ ያለው ማስተካከያ ታምቡሩ እስኪያዝ ድረስ ይጠብቃል፤ ከዚያ «ቀጭ፣ ቀጭ» እስኪል ሁለት ጊዜ ብቻ ወደ ኋላ ይመለሳል። ታምቡሩ በነጻ መዞሩ ከተረጋገጠ በኋላ የዘንጉ ርዝመት ይስተካከላል። ብዙ ሰው ግን ሸራው ሲያልቅ ዘንጉን ማሳጠር ይወዳል። ይህ በሽታውን ትቶ ምልክቱን መሸፈን ነው፤ መጀመሪያ ታምቡሩ ዘንድ፣ ቀጥሎ ዘንጉ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ለመሆኑ ይህ ትንሽ ታምቡር ምን ያህል ይሸከማል? በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን 13ኛው ደንብ መሠረት የመኪና ማቆሚያ ፍሬን ሙሉ ጭነት የያዘውን መኪና በመቶ 18 ዳገት ላይ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ፊቱን ቢያዞር፣ መያዝ አለበት። ደንቡ ይህን ላንድሮቨር ለመሰለ አሮጌ መኪና የወጣ ባይሆንም ለመለኪያ ይጠቅመናል። ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ ወደ ታች የሚገፋበት ኃይል 350 ኪሎ ያህል ነው፤ ይኸውም የሦስት ኩንታል ተኩል እህል ክብደት ነው። አሁን የልጁን ድንጋይ አስቡት።

ታምቡሩ ይህን የሚችልበት ምክንያት ከዲፈረንሻሉ በፊት መቀመጡ ነው። የእነዚህ መኪናዎች ዲፈረንሻል ጥርስ 10 ለ 47 ነው፤ ስለዚህ ዘንጉን ለመያዝ የሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ኃይል ጎማውን ለመያዝ ከሚያስፈልገው 4.7 ጊዜ ያንሳል። ነገር ግን ይኸው ብልኃት ድካምም አለው። መኪናው እየሄደ የእጅ ፍሬኑ ቢሳብ ድንጋጤው በዘንጉና በዲፈረንሻሉ ላይ ስለሚያርፍ ሊሰብራቸው ይችላል፤ ስለዚህ የእግር ፍሬን ከድቶ ጭንቅ ካልመጣ በቀር በጉዞ ላይ አይነካም።

ሁለተኛው ድካም ከዚህ የበለጠ ሰው ይጐዳል። ዲፈረንሻል ሁለቱን ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት ማዞር ሥራው ነው። ስለሆነም ጎማ ለመቀየር አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ብታነሡት፣ ዘንጉ ተይዞ እያለ የተነሣው ጎማ ወደ አንድ በኩል፣ መሬት ላይ ያለው ወደ ሌላ በኩል ሊዞሩ ይችላሉ፤ መኪናውም የእጅ ፍሬኑ እንደ ተሳበ ከክሪኩ ላይ ይወርዳል። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው አንዱ ዘንግ ቢሰበርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ክሪክ ሲገባ ታኮ የግድ ነው። ዳገት ላይ ሲቆም ደግሞ ሪዶታውን ማስገባት ትልቅ ርዳታ ነው፤ በዚህ መኪና ሪዶታ ሲገባ የፊት እግሮችም ከኋላው ጋር ስለሚያያዙ የእጅ ፍሬኑ አራቱንም ጎማ ይይዛል።

እንግዲህ ታኮ ይጣል አላልንም። ታኮ ረዳት ይሁን እንጂ አለቃ አይሁን ነው ያልነው። መኪናው በእጅ ፍሬን ከተያዘ በኋላ፣ ቆሞ ሳለ፣ ልጁ ሳይቸኩል ከጎን ሆኖ ታኮውን ያስገባል። ታኮውም በገመድ ከመኪናው ጋር የታሰረ እንጨት ቢሆን ይመረጣል፤ መኪናው ሲነሣ በመንገድ መካከል የሚቀር ድንጋይ በማታ ለሚመጣው ሌላ ሰው ወጥመድ ነውና።

ሥራውን ስንጨርስ ፈተናውን በእርጋታ አደረግን። ቀለል ካለ ዳገት ጀምረን፣ ከጎማው ኋላ አንድ ስንዝር ርቆ ታኮ አስቀምጠን፣ ከመኪናው በታች ሰው እንዳይቆም ከልክለን፣ መጀመሪያ ባዶውን ቀጥሎም ድንች ጭነን፣ ፊቱን ወደ ላይና ወደ ታች አዙረን አየነው። ጋሼ ማንሻውን ራሳቸው ሳቡት። መኪናው ጥቂት ንቅንቅ አለና ቆመ፤ ይህች ንቅናቄ በጥርሶቹ መካከል ያለች ክፍተት ናት እንጂ ጉድለት አይደለችም። ረዳቱ ልጅ እንደ ልማዱ ከካሶኒው ሊዘል ሲል «ተቀመጥ» አሉት።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ በመነሣት ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛው፣ በየጊዜው የሚጠፉትን የአሮጌ መኪናዎች የፍሬን ዕቃዎች ልክና ሥዕል የሚይዝ አንድ መዝገብ በማኅበሩ ቢሮ ይከፈት፤ ማንኛውም ባለ ቶርኖ ወይም ቀጥቃጭ መጥቶ በነጻ ይገልብጠው። የሚገዛው ከሚሠራው ተለይቶ ይጻፍ፤ ሸራና ሞላ በእጅ እንዳይሠራ በግልጽ ይከልከል። ሁለተኛው፣ በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንሄድ በገበያ ቀን ከሾፌሮቹ ጋር ተነጋግረን፣ የእጅ ፍሬናቸውን ደልዳላ ስፍራ ላይ ከፍተን እንመልከት። ገንዘብ አንጠይቅ፤ መጽሐፍ የማያውቁ ናቸው ብለንም አንናቅ። ብዙዎቹ ሾፌሮች ስለ መኪናቸው ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ፤ የቸገራቸው ዕቃና ጊዜ ነው።

የጠፋ ምላስ፣ ሁለት ፒንና አንድ ዘንግ አገር አያሳድግም የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ብቻውን አያሳድግም። ነገር ግን እነዚህ በስፍራቸው ባለመኖራቸው ምክንያት በየዳገቱ ላይ የሚሮጥ ልጅ አለ፤ ያ ልጅ ትምህርት ቤት መሆን የሚገባው ነው። የጐደለውን ብረት መተካት የእኛ ፋንታ ነው፤ ልጁን በብረት ምትክ ማቆም ግን የማንም ፋንታ ሊሆን አይገባም።

ጥያቄ ያለው ይጠይቀን፤ ከመኪናው የወጣውን የአጥር ሽቦና የተቈለመመውን ምስማር ይዘን መጥተናል፤ ማየት ለሚፈልግ ጠረጴዛው ላይ አለ።